ዓሣዎቹን ያስጾመ ሰው

አንድ ሰው ነበረ፤ ባሕር በሌለበት ደጋ ከተማ እየኖረ ባሕርን ሳሎኑ ያስገባ። ልጄ ደምሰው፣ አዲስ የእድር ዳኛ ሆነህ የጠየቅኸኝን አልዘነጋሁም። በየስብሰባው እየተነሡ የሚከራከሩትን አሥራ አንድ ሰዎች ከመዝገብ ብሰርዛቸው እድሩ አይጠራም ወይ ነው ያልከኝ። መልሱን ይህ ሰውዬ ይሰጥሃልና ስማው።

ሰውዬው ሀብታም ነበረ። አባቱ በወጣትነታቸው በቀይ ባሕር ላይ መርከበኛ ነበሩ፤ በኋላ ግን ጡረታ ወጥተው ሩቅ አገር ተቀምጠዋል። ባሕር ካዩ ሠላሳ ዓመት አልፏቸዋል። ዐይናቸው እየደከመ ሄዶ ሐኪሙ «ከዚህ ዓመት በኋላ እንጃ» አላቸው። ልጅየው ይህን ሲሰማ አላስቻለውም። «አባባ፣ ለፋሲካ ይምጡ፤ ዐይንዎ ሳይከዳዎት ባሕሩን አሳይዎታለሁ» ብሎ ቃል ገባ።

ቃሉን ለመፈጸም ግድግዳ የሚያህል የመስታወት ገንዳ አሠራ። ጨው በልኩ በጠበጠ፣ ዓሣ አስመጣ፤ ከሁሉ በላይ ግን ኮራል አስመጣ። ኮራል ሲያዩት ድንጋይ ይመስላል እንጂ ነፍስ ያለው የባሕር ፍጡር ነው፤ በላዩ እልፍ ጥቃቅን አፎች አሉት። አንዱ አረንጓዴ፣ አንዱ ብርቱካናማ፣ ትልቁ ደግሞ ሐምራዊ ነበረ። ሰውዬው ከሥራ ሲመለስ ኮቱን ሳያወልቅ ወደ ገንዳው ይሮጣል። ሚስቱ «እኔንም አንዳንዴ እየኝ እንጂ» ትለው ነበር።

አንድ ቀን በመስታወቱ ጥግ አልጌ የሚሉት አረንጓዴ ነገር በቀለ። ሰውዬው ክው አለ። አዋቂዎች ጠየቀ። «ናይትሬትና ፎስፌት በዝቶብህ ነው፤ ከዓሣው ምግብና ከዓሣው ኩስ ይመጣል» አሉት። ገበሬ በማዳበሪያ የሚያውቃቸው ነገሮች ናቸው። «ቀንሰው» አሉት እንጂ «አጥፋው» ያለው ሰው አልነበረም። እርሱ ግን ነገር ሲይዝ ልክ የማያውቅ ሰው ነው።

ማጣሪያ በማጣሪያ ላይ ደረበ። በየሁለት ቀኑ ውኃ ለወጠ። ጠዋትና ማታ ከገንዳው በብልቃጥ ይቀዳና የመመርመሪያ ጠብታ ያንጠባጥብበታል፤ ቀለም ካወጣ ቆሻሻው አለ፣ ካላወጣ የለም። ብልቃጡ እንደ ምንጭ ውኃ ጠርቶ የቀረ ቀን ሰውዬው በደስታ ሊበር ደረሰ። ጎረቤት ሁሉ እየጠራ ያንን ባዶ ብልቃጥ አሳየ።

በዚህ መካከል ሁዳዴ ገባ። እንግዲህ በሁዳዴ ዓሣ ይበላል፣ አይበላም የሚል ክርክር ስንሰማ ኖረናል፤ ዓሣው ራሱ ይጹም ያለ ግን ከእርሱ በፊት አልተሰማም። «እኛ እየጾምን እነርሱ ለምን ይቀማጠላሉ? ውኃውም ይጠራል» አለና በሦስት ቀን አንዴ፣ እርሱም ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ፣ ቁንጥር ታህል ምግብ ያደርግላቸው ጀመር። ዓሣዎቹ ሲከሱ ሚስቱ ብትነግረው «ጾመኛ መቼ ይወፍራል» ብሎ ሳቀ።

ኮራሎቹም መንጣት ጀመሩ። መጀመሪያ ጫፋቸው፣ ቀጥሎ ጎናቸው፣ በመጨረሻ ሐምራዊው ሁለመናው እንደ አዲስ ነጠላ ነጣ። ሰውዬው ልቡ በደስታ ዘለለ። ውኃው ከመጥራቱ ብዛት እነርሱንም ያጠራቸው መሰለው። የመጣ እንግዳ ሁሉ «ወይ ጉድ፣ በረዶ እኮ ነው የሚመስል» እያለ ያደንቃል። እርሱም አባቱ የሚመጡበትን ቀን በጣቱ እየቆጠረ እንቅልፍ አጣ።

አባት በሆሳዕና ማግስት ደረሱ። ልጅየው ሻንጣቸውን እንኳ ሳያስቀምጥ እጃቸውን ይዞ ገንዳው ፊት አቆማቸው። ሽማግሌው ፊታቸውን መስታወቱ ላይ ለጥፈው ገንዳውን ከጥግ እስከ ጥግ ተመለከቱ። ልጅየው በደስታ ያለቀሱ መስሎት ጎንበስ ብሎ አያቸው።

«ቀለሙን ምን አደረግኸው?» አሉት።

«ጠርቶ እኮ ነው አባባ። ውኃው አንዲት እድፍ የለበትም።»

«ልጄ፣ ወጣትነቴን የጨረስኩት ባሕር ላይ ነው። ይህን የመሰለ ነጭ ያየሁት በሞተውና ሊሞት በተቃረበው ላይ ነው። ዓሣ የማይጸዳዳበት ባሕርም አላጋጠመኝም። በረሃብ ልትፈጃቸው ነው።»

ነገሩ እንዲህ ነው፤ ኮራል ቀለሙ የራሱ አይደለም። በሥጋው ውስጥ በዐይን የማይታዩ ደባሎች አሉ፤ ቀለሙ የእነርሱ ነው፣ ከብርሃን ምግብ ሠርተው የሚያበሉትም እነርሱ ናቸው። ደባሎቹ ደግሞ የሚያድሩት ሰውዬው ቆሻሻ ብሎ ሲያሳድደው በከረመው ነገር ነው። እርሱ ሲጠፋባቸው ብዙዎቹ አለቁ፤ ነጩም የባዶ ቤት ግድግዳ ነበረ።

ሰውዬው አሁን ገባው። ለአባቱ ያሰናዳው ባሕር፣ አባቱ ከበሩ ሲገቡ እየሞተ ነው። ከማቀዝቀዣው ለዓሣዎቹ የተቀመጠውን ሽሪምፕ የሚሉትን ትንሽ የባሕር ፍጡር አውጥቶ በውኃ አድቅቆ ፈጨው፤ የሚከረፋ ድፍርስ ሆነ። ማንኪያውን ይዞ ገንዳው ላይ ቆመ። ያን ሁሉ የለፋበትን ጥራት በገዛ እጁ ሊያደፈርስ ነው። ዐይኑን ጨፍኖ ማጣሪያውን አጠፋና ድፍርሱን ደፋው።

ዓሣዎቹ ተንጋጉ። ውኃው ጉም መሰለ። ከዚያ በዚያ በነጣው ኮራል ላይ አንዲት ክር የመሰለች እጅ ብቅ አለች፤ ቀጥሎ ሌላ፣ ቀጥሎ መቶ፤ ሞተ የተባለው ሁሉ አፉን ከፍቶ ይጎርስ ጀመር። ሰውዬው «ኑ፣ ኑ እዩ፣ እየበሉ ነው» እያለ በቤቱ ውስጥ ሮጠ፤ ሚስቱን አቀፈ፣ ዘበኛውን ሳይቀር ጎትቶ አስገባ። ሽማግሌው አባቱ እንባቸው እየወረደ ይስቁ ነበር። በደስታው ሁለተኛ ማንኪያ ሊደፋ ሲል ግን እጁን ያዙት። «በቃ። የተራበን ሰው አንዴ ድግስ ላይ ከጣልከው ይሞትብሃል» አሉት።

ከዚያ ወዲህ በልክ መገበ፣ በልክ አጠራ። የብልቃጡ ውኃ ፈዘዝ ያለ ቀለም ሲያሳይ ደስ ይለው ጀመር። ብርቱካናማው አልተረፈም፤ ዘግይቶበት ነበር። ሐምራዊው ግን ከሥሩ ተነሥቶ በየሳምንቱ ቀለም እየያዘ መጣ፤ አባት እስከ ጰራቅሊጦስ ሰንብተው ሐምራዊ ሲሆን በዐይናቸው አይተው ሄዱ።

እንግዲህ ደምሰው፣ ገንዳው እድርህ ነው። እነዚያ አሥራ አንዱ ውኃህን ያደፈርሳሉ፤ እውነት ነው፣ እኔንም ያደክሙኛል። ግን ድንኳኑ ተቀዶ ዝናብ ለቀስተኛ ላይ ሲወርድ ማን ተናገረ? የታመመችው ጎረቤት ተረሳች ብሎ ማን ጮኸ? አንተ ቆሻሻ ያልከው ጭቅጭቅ ሌላው የሚያድርበት ምግብ ነው። ስብሰባውን ሙሉ ልቀቅላቸው አላልኩህም፤ ሽማግሌው እንዳደረጉት ሁለተኛውን ማንኪያ ከልክል፣ ሰው በተራው ይናገር። ብትሰርዛቸው ግን እድርህ በእርግጥ ይጠራል፤ ሁሉም እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል፣ አንተም ተስማሙ ብለህ ደስ ይልሃል፤ ሰዎቹ ግን በውስጣቸው ከእድሩ ወጥተዋል። አሁን ተነሥተህ ወደ አሥራ አንዱም ቤት ሂድ፤ ከሁሉ አስቀድሞም አብዝቶ የሚያናድድህን ሰው በር አንኳኳ።