ሐይቅ ጠባቂው አያ ታንኳ

ቀረብ በሉ፣ አንድ ተረት ልንገራችሁ።

በድሮ ጊዜ ወደ አንድ ሰፊ ሐይቅ እንቦጭ የሚባል እንግዳ አረም መጣ። አበባው ያምራል፤ ግን የሰፈረበትን ውሃ ሸፍኖ አየር ያሳጣል። እመት ቀረሶ የተባለችው ዓሣ ልጆቿን የምታሳድግበት ዳርቻ ቢሸፈንባት ልጆቿን ይዛ ተሰደደች።

የሐይቁ ነዋሪዎች ተሰብስበው መከሩ። አረሙ ገና ቡቃያ ሳለ ካልተነቀለ ኋላ አይቻልም። ታዲያ ቡቃያውን ለማየት ዳርቻ ለዳርቻ ማን ይዙር? አያ ጉማሬ መዞር ይደክመኛል አለ። ዳክዬ ጫጩቶቼን ለማን ትቼ አለች። ከደንገል የተሠራው አያ ታንኳ ግን በፈቃዴ እዞራለሁ፣ ያየሁትንም እነግራችኋለሁ አለ። ሁሉም መረቁት።

አያ ታንኳ ወደ አንደኛው ዳርቻ ሄደ፤ ንጹሕ ነው። በሳምንቱ እንቦጭ በቀለበት። ወደ ሁለተኛው ሄደ፤ ንጹሕ ነው። በሳምንቱ እሱም ላይ በቀለ። አያ ታንኳ ተናደደ። ዳክዬን ጠረጠረ፣ ነፋስን ሰደበ፣ ጉማሬንማ ፊት ለፊት አንተ ነህ አለው። ሥራ ወዳድ ሲናደድ ደግሞ አያድርስ ነው።

የቀረው ሦስተኛው ዳርቻ ብቻ ነበር፤ እመት ቀረሶ ልጆቿን ይዛ የተጠጋችበት። ታንኳው ሲመጣ ከሥር አየችውና መንገዱን ዘጋችበት።

"አያ ታንኳ፣ እባክህ እዚያው ቁም።"

"ልጠብቅሽ ነው እኮ የመጣሁት፣ እመት ቀረሶ።"

"አውቃለሁ። ግን ሆድህ ላይ የእንቦጭ ሥር ተጣብቋል። ለአንተ አይታይህም፣ እኔ ከታች ስለሆንኩ አየሁት። ከዚህ ወዲያ ደግሞ የምሸሽበት የለኝም።"

አያ ታንኳ በኀፍረት ቀለጠ። ታንኳ ከውሃ ሲወጣ ተገትሮ ፀሐይ ላይ መድረቅ አለበት፤ እሱ ግን ሥራ በዝቶብኛል እያለ ሳይደርቅ ከርሟል። ይሄኔ እንቦጩ ከሆዱ ሥር አንሾካሾከ።

"ዝም በል። አንተም ስምህን ጠብቅ፣ እኔም ኑሮዬን።"

አያ ታንኳ ዝም አላለም። ተመልሶ በጉባኤው ፊት ቆመ።

"አረሙን ያዞርኩት እኔ ነኝ። አያ ጉማሬ፣ ይቅር በለኝ።"

ጉማሬም አንድ እግሩን ከውሃው አወጣና፣ "እስቲ የእኔንም እዩልኝ" አለ። ቢያዩት እዚያም የእንቦጭ ሥር ተገኘ። የዳክዬም እግር ላይ ተገኘ።

ያን ቀን ታንኳውም ጉማሬውም ዳክዬዋም ፀሐይ ላይ ወጥተው ሥሩ እስኪረግፍ ደረቁ፤ የእመት ቀረሶም ልጆች በሦስተኛው ዳርቻ አደጉ። እናንተም ሐይቅ ልትጠብቁ ስትወጡ መጀመሪያ ራሳችሁን እዩ፤ ለራሳችሁ የማይታያችሁን ደግሞ ከታች ያለው ሲነግራችሁ ስሙት።