የሹሙ አውራ ጣት

አንድ የሙት ልጆች ቤት ሹም ነበረ። ጥያቄሽን አልዘነጋሁትም፤ አስጨርሽኝና እመለስበታለሁ።

ያ ቤት የተሠራው በክፉ ቀን ነው። ድርቅ አገሩን መትቶ ወላጅ ባለቀ ጊዜ፣ የአውራጃው ገዥ በመንግሥት ጎተራ አጠገብ ሰፊ አዳራሽ አስቆመና «ሰብሳቢ ያጣ ልጅ ሁሉ ከአሥራቱ እህል ይብላ» ሲል አዋጅ አስነገረ። አዋጁ በጎ ነበር። ያ ጎተራ ባይከፈት ኖሮ የዚያ አገር ልጅ በየጥሻው የጅብ ራት ሆኖ በቀረ ነበር።

ሹሙም ታማኝ ሰው ነበር። ከጎተራው አንዲት ፍሬ ወደ ቤቱ አላሻገረም። ማለዳ ልጆቹን አሰልፎ ጥፍራቸውን ያያል፤ ያልታጠበውን መልሶ ያስታጥባል፤ ከዚያም ለሁሉም እኩል ቁራሽ ያድላል። አንድ ነገር ግን አያደርግም ነበር፤ ማንንም በስሙ አይጠራም። «አንተ ረጅሙ»፣ «አንቺ የማዕዘኗ» ይላል እንጂ። ስም ከጠራሁ አዳላለሁ፣ ካዳላሁ የመንግሥትን አደራ በላሁ ብሎ ያምናል።

በቤቱ ደንብ፣ ልጅ ላሳድግ ብሎ የመጣ ሰው ዋስ ጠርቶ በዳኛ ፊት ይቆማል፤ የሚቃወም ዘመድ ካልተገኘ ልጁን ይወስዳል። ልጁም ሲወጣ የለበሰውን የበግ ደበሎ ለሚቀጥለው ልጅ ትቶ ይሄዳል፤ የመንግሥት ነውና። ከዚያ ወዲያ ሹሙ አይጠይቅም። «የመንግሥት እጅ እስከ በሩ ነው» ይል ነበር። ደጋግሞ ከማለቱ የተነሣ፣ «የመንግሥት እጅ» ብሎ ሲጀምር ልጆቹ የቀረውን በሹክሹክታ ይጨርሱለታል።

አንድ የገበያ ቀን ሹሙ ከአንድ ማር ነጋዴ ጋር ተገናኘ። ከነጋዴው ኋላ አንድ ልጅ የማር ቅሎች በጀርባው ተሸክሞ ይከተላል፤ ገመዱ ትከሻውን ልጦታል። ሹሙ አወቀው። ካቻምና «ረጅሙ» እያለ ሲመግበው የነበረው ልጅ ነው፤ አሁን ግን ቁመቱ ጎብጧል።

«ይህን ልጅ ላሳድገው ብለህ አልነበረም የወሰድኸው?»

ነጋዴው ሳቀ። «እያሳደግሁት እኮ ነው ጌታዬ! ሸክም አጥንት ያጠነክራል።» ቀጥሎም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ለመሆኑ እርስዎ ምኑ ነዎት? አባቱ ቢሆኑ ኖሮ ፈርቼ እመልስልዎ ነበር» አለ።

ሹሙ መንገዱን ቀጠለ፤ እህሉን ሰጥቻለሁ፣ አልሰረቅሁም፣ አላዳላሁም እያለ ራሱን ሊያጽናና ሞከረ። ዳሩ ግን «ምኑ ነዎት» የሚለው ቃል እንደ ዓሣ አጥንት በጉሮሮው ተሰንቅሮ ቀረ።

ክረምቱ ሲወጣ ያው ነጋዴ ዋስ ይዞ ተመለሰ። አሁን የፈለገው «የማዕዘኗን» ልጅ ነው። «እንደ ልጄ አሳድጋታለሁ» ብሎ በዳኛውና አብረውት በተቀመጡት ሽማግሎች ፊት ቆመ፤ ለዳኛውም እጅ መንሻ አንድ ቅል ማር በጎባጣው ልጅ አሸክሞ አምጥቷል።

ዳኛው እንደ ደንቡ «ዘመድ ነኝ፣ እቃወማለሁ የሚል አለ?» ሲል ጠየቀ። ዝም ተባለ። ደግሞ ጠየቀ። አሁንም ዝም። በዚህ ጊዜ ልጅቱ ደበሎዋን አውልቃ፣ አጥፋ፣ በሁለት እጇ ለሹሙ አቀረበች።

«ጌታዬ፣ ይረከቡኝ። ጠርዙ ላይ ተቀዶ ነበር፤ ሰፍቼዋለሁ። የመንግሥት እጅ እስከ በሩ ነው።»

ስትናገር ምጸት አልነበረባትም። ትምህርቷን በደንብ ማጥናቷን ልታሳየው ነበር። ሹሙ ደበሎውን ተቀበለ፤ ሙቀቷ ገና አለቀቀውም ነበር።

ዳኛው ለሦስተኛ ጊዜ ጠየቀ።

«አለሁ» አለ ሹሙ።

«አንተ ደግሞ ምኗ ነህ?»

ሹሙ ውሃ አስመጥቶ እጁን ታጠበ፤ የማሩን ቅል ከፈተ፤ አውራ ጣቱንም ነከረ። በዚያ አገር ባህል በሽማግሎች ፊት ማር የነካ ጣቱን ያጠባ ሰው አባት ነው፤ የጡት ልጁም ከወለደው ልጅ እኩል ይወርሰዋል።

«ወዲህ ነይ። ስምሽ ማን ነው?»

«እንጉዳይ።»

«እንጉዳይ፣ ጥቢ።»

ልጅቱ ግን አልቸኮለችም። እጁን ይዛ ወደ ብርሃን አዞረችና ጥፍሩን መረመረች። «ታጥቧል?» ብላ ጠየቀችው። ሽማግሎቹ በሳቅ ፈነዱ። ሹሙ ብቻ አልሳቀም። «ታጥቧል» አላት። ያን ጊዜ ጠባች።

«ማሩ እኮ የእኔ ነው!» ብሎ ነጋዴው ጮኸ።

«ለእኔ ያመጣኸው አልነበረም እንዴ?» አለው ዳኛው። «እኔ ሰጥቼዋለሁ። ዘመዷም ተገኝቷል፤ ዋስህን ይዘህ ሂድ።»

ሹሙ ጣቱን እንደ ገና ነከረ። ወደ ጎባጣው ልጅ ዞሮ «አንተ ረጅሙ» ብሎ ጀመረና አቋረጠ። ዓመታት ያበላውን ልጅ ስም አያውቅም ነበር። «ስምህን ንገረኝ፣ ልጄ» አለው።

«ደምለው» አለ ልጁ፤ ሲናገርም ቀና አለ።

ሹሙ የወለዳቸው ልጆች በኋላ አጉረመረሙ። «ርስታችንን ለማን ልታካፍል ነው?» ቢሉት «ለወንድማችሁና ለእኅታችሁ» አላቸው። ገዥውም ነገሩን በሰማ ጊዜ ደንቡን አሻሻለ፤ ከዚያ ቤት የሚወጣ ልጅ ሁሉ፣ በደረሰበት እየሄደ የሚጎበኘው ጠያቂ እንዲቆምለት አዘዘ።

እንግዲህ ወደ አንቺ ልመለስ። ሕፃናት ማሳደጊያው ውስጥ በተሾምሽ ማግስት መጥተሽ «ቀለቡ ከተሟላ፣ አልጋው ከተነጠፈ፣ ደንቡም ከተከበረ፣ ከእኛ ሌላ ምን ይጠበቃል?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። መንግሥት ያ ጎተራ ነው። ጎተራን የሚንቅ ረኀብ ያላየ ሰው ብቻ ነው፤ እኔ አልንቀውም፤ አንቺም ቁልፉን በታማኝነት ጠብቂ። ነገር ግን ጎተራ «ምኑ ነህ?» ተብሎ ቢጠየቅ የሚመልስበት አፍ የለውም። አፉ አንቺ ነሽ። ልጆቹን ሁሉ ወደ ቤትሽ ውሰጂ አላልሁም፤ ሹሙም ሁሉንም አላጠባም። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ሁሉንም በስማቸው ጠራ፤ የወጡትንም በእግሩ እየዞረ ጠየቀ።

በይ ሂጂ። ነገ ማለዳ ሲሰለፉልሽ፣ ጥፍራቸውን ከማየትሽ በፊት ስማቸውን ጠይቂ።