የጋሽ ይመር የብረት ሳጥን

እኛ ሰፈር፣ ኮምቦልቻ፣ አንድ ሰው ሱቁን በሦስት ቁልፍ ሲቆልፍ ከታየ ጎረቤት የአንዲት አባባል ግማሿን ይወረውርበትና እየሳቀ ያልፋል። እንግዳ ሰው ተራ ቀልድ ይመስለዋል። እኔ ግን አልስቅም። አባባሏ ስትወለድ እዚያው ቆሜ ነበር፣ እጄም አለበት።

ጋሽ ይመር ከልብስ ስፌት ቤቴ ትይዩ ያለው የቪዲዮ ቤት ባለቤት ነው። የሰፈራችን ሰርግ ሁሉ በእሱ ካሜራ አልፏል። ደግ ሰው ነው፤ ጥርጣሬው ግን ልክ የለውም። ሻይ አዝዞ ስኳሩ ሲጨመር እንኳ ቆሞ ያያል። ምነው ሲሉት መልሱ አንድ ነው፦ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ።»

ያን ዓመት ግንቦት ላይ ኮምፒውተሩ ታመመበት። ቪዲዮ አቀናብሮ ሊያወጣ ሲል ይጮህ ይጮህና ድርግም ይላል። ያውም በክፉ ጊዜ። የእትዬ ዘምዘም ልጅ ሰርግ እጁ ላይ ነበር። የሙሽራዋ አባት ልጃቸውን መርቀው በሸኙ በሦስተኛው ሳምንት በድንገት አረፉ። ያ ምርቃት ያለው እዚያ ኮምፒውተር ውስጥ ብቻ ነው፤ የካሜራው ካርድ ለሌላ ሰርግ ተደምስሷል። «ኧረ ሌላ ቦታ ገልብጠህ አስቀምጥ» ብዬ ብመክረው፣ «ፍላሽ ይሰረቃል» አለኝ።

እትዬ ዘምዘም በየሁለት ቀኑ ይመጣሉ። «ሌላው ይቆይ፤ የሱን ድምፅ ብቻ አሰማኝ» ይሉታል። እሱ ደግሞ ያላለቀ ሥራ አያሳይም፤ በስልካቸው ቀድተው የሚጠፉ ይመስለዋል። ባሏን የቀበረች ሴት! «ቅዳሜ ያልቃል» ብሎ ይሸኛቸዋል።

በመጨረሻ ሀያት ተጠራች። ሀያት ከመናኸሪያው ጀርባ ኮምፒውተር የምትጠግን፣ እጇም ምላሷም ፈጣን የሆነች ሴት ናት። ሱቋ ልትወስደው ብትጠይቅ «ከዓይኔ አይርቅም» አላት። እኔም ሥራዬን ትቼ ለማየት ገባሁ። ኮምፒውተሩ ጥግ ተወሽቆ፣ ጀርባው ግድግዳ ላይ ተለጥፎ፣ ላዩ ላይ የሚስቱን ዳንቴል ለብሷል።

ሀያት ዳንቴሉን ገልጣ ሳቀች። «ጋሼ፣ ሙሽራ ነው እንዴ የሚሸፋፍኑት?»

«አቧራ እንዳይገባው ነው።»

«አቧራውማ ገብቷል። መውጫ ያጣው ሙቀቱ ነው።» ጎኑን ከፈተችና አንድ ሰፋ ያለ ነገር አሳየችው። «ቪዲዮውን የሚያሠራው ይሄ ግራፊክስ ካርድ ነው። ዘጠና ሁለት ዲግሪ እየደረሰ ነው። የሚጠፋው እንዳይቃጠል ብሎ ነው፤ ሁልጊዜ ግን አይቀናውም። ከፊት ቀዝቃዛ አየር የሚያስገቡ ሁለት ፋኖች፣ ከኋላ ሙቁን የሚያስወጣ አንድ እገጥምለታለሁ። እነዚህን ገመዶችም ከአየሩ መንገድ ላይ አነሳለሁ። ጎጆ እንኳ ጭስ መውጫ አለው እኮ!»

ለማግስቱ ተቀጣጠሩ። ገና ደጃፉን ስትወጣ ጋሽ ይመር ቀይ ማርከር አነሳና ካርዱ ጀርባ ላይ አንዲት ነጥብ አሳረፈ። «ብትቀይረው አውቃታለሁ» አለኝ።

«አንተስ ብልህ ነህ» አልኩት። ይህን በማለቴ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ሀያት በማግስቱ መጥታ ሠራች። አቧራውን በብሩሽ አራገፈች፣ ካርዱን አልኮል ውስጥ በነከረችው ጨርቅ ወለወለች፣ ፋኖቹን ገጠመች፣ ኮምፒውተሩንም ከግድግዳው አንድ ክንድ አራቀችው። መሃል ላይ ለጉርድ ፎቶ ሰው መጥቶበት ጋሽ ይመር ለአምስት ደቂቃ ወደ ጓዳ ገብቶ ነበር። ሲመለስ በአንድ የቆየ ሰርግ ሞከሩት። ሰባ ዲግሪ ላይ ቆመ። ያ ሁሉ ጩኸትም ጠፋ።

እኔ ተደነቅሁ። የጋሽ ይመር ፊት ግን ጠቆረ። ሀያት እንደሄደች ጎኑን ከፍቶ አጎንብሶ አየ። ቀዩ ነጥብ የለም።

«ወሰደችው!» አለኝ በሹክሹክታ። «ጓዳ ስገባ የኔን ወስዳ ሌላ ተከለችብኝ። ድምፁን እንኳ ስማው፤ አይጮህም! የኔ ይጮህ ነበር።»

እኔም ነጥቡ አለመኖሩን በዓይኔ አየሁ። ልብስ ላይ የቀረ ማርከር በአልኮል ስንት ጊዜ ያስለቀቅሁ ሰፊ ነኝ! ያን ቀን ግን ትዝ አላለኝም። ጥርጣሬ ይጋባል፤ የሚያውቁትንም ያስረሳል። ይባስ ብዬ ለደንበኞቼ አወራሁ። ሁለት ቀን ሳይሞላ የሀያት ሱቅ ደጃፍ ጭር አለ።

ወሬው ደርሷት ቪዲዮ ቤቱ ደጃፍ መጥታ ቆመች። ዓይኗ ቀልቷል። «ጋሼ፣ ሌባ አሉኝ አሉ። ወላሂ ካርዱ የራስዎ ነው! የተገዛበት ካርቶን ላይ ቁጥር አለ፤ ካርዱም ላይ አለ። ያስተያዩት።»

«ካርቶኑንም ልትነኪው ነው?» አለና ፋኖቿን ነቅሎ በፌስታል መለሰላት።

ከዚያ በቀጥታ የሄደው ብረት በያጁ አባ ሙሄ ዘንድ ነው። «ኮምፒውተሬን የሚውጥ ሳጥን ሥሩልኝ፤ በወፍራም ላሜራ፣ በሁለት ጓጉንቸር የሚቆለፍ» አላቸው።

አባ ሙሄ በሜትራቸው እየለኩ፣ «መተንፈሻውን በየት በኩል ልብሳው?» አሉ።

«ለገመዱ አንዲት ቀዳዳ ትበቃዋለች። ቀዳዳ የሌባ ወዳጅ ነው።»

«አንተ ይመር፣ እኔ ከእሳት ጋር አርባ ዓመት ኖሬአለሁ። የሚግል ነገር አየር ይፈልጋል።»

«አንቱም ከሀያት ጋር ተማከሩ እንዴ?»

አባ ሙሄ ቀና ብለው አዩት። ከዚያ መነጽራቸውን አጠለቁና መበየድ ጀመሩ።

አርብ አመሻሽ ላይ ጋሽ ይመር የእትዬ ዘምዘምን ልጅ ሰርግ አጠናቅቆ እንዲያወጣ ኮምፒውተሩን አዘዘና ሳጥኑን ቆለፈበት። ሁለቱን ቁልፎች በክር አንገቱ ላይ አንጠለጠለ። «ዛሬ ገና እንቅልፍ ሊወስደኝ ነው» ብሎኝ ወደ ቤቱ ሄደ።

ቅዳሜ ጠዋት መስኮቴን ስከፍት የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተኝ። እትዬ ዘምዘምና ልጃቸው ነጠላቸውን አጣፍተው ደጃፉ ላይ ይጠብቃሉ። አባ ሙሄም የሥራቸውን ነገር ሊያዩ መጥተዋል። ጋሽ ይመር ገብቶ ሳጥኑን ሲነካው እጁን መንጭቆ አነሳ። አንዱን ጓጉንቸር ከፈተ። ሁለተኛውን ሲከፍት አባ ሙሄ በጨርቅ ያዙለት። ክዳኑ ሲነሳ ጥቁር ጭስ ፊታቸው ላይ ቦነነ።

ሀያትን የጠራኋት እኔ ነኝ፤ እየሮጥኩ። አትመጣም ብዬ ነበር፤ መጣች። አንዲት የወቀሳ ቃል ሳትናገር የከሰለውን ካርድ ነቀለች። ቪዲዮው ያለበትን ዲስክም አውጥታ ይዛው ከመጣችው ኮምፒውተር ጋር አገናኘችው። አንዴ ሞከረች። ደግማ ሞከረች።

«ይሄም ሞቷል» አለች ቀስ ብላ። «ሌላ ቦታ አስቀምጠውት ነበር?»

ጋሽ ይመር ድንገት ተነሳ። «የኔ ካርድ ስላልሆነ ነው የተቃጠለው! አሁን ይታያል!» ብሎ ከባንኮኒው ሥር ካርቶኑን አወጣ። ቁልፎቹ አንገቱ ላይ ይንቀጫቀጫሉ።

ሀያት የካርዱን ጥላሸት በአውራ ጣቷ ጠርጋ ቁጥሩን ጮክ ብላ ማንበብ ጀመረች። «ሰባት... አራት... አራት... ዜሮ...» እሱ ጣቱን ካርቶኑ ላይ እያስኬደ ይከተላታል። ጣቱ እየዘገየ ሄደ። የመጨረሻዋን ቁጥር ስትጠራ ጣቱ እዚያችው ላይ ቆመ። ካርዱ የራሱ ነበር።

እኔ ሀያትን ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ።

እትዬ ዘምዘም ስለ ካርድም ስለ ቁጥርም አልገባቸውም። ተራ በተራ ፊታችንን አዩ። «ድምፁም የለም?» አሉ።

ልጃቸው አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ጋሽ ይመር ቁልፎቹን ከአንገቱ አውልቆ ማስቀመጫ እንደጠፋው ሰው በእጁ ይዟቸው ቆመ።

ያን ጊዜ አባ ሙሄ በገዛ እጃቸው የበየዱትን፣ ገና ያልበረደውን ሳጥን ሲያዩ ቆዩና ራሳቸውን እየነቀነቁ እንዲህ አሉ፦ «ሌባ ፈርቶ ዘጋ፣ ከእሳት ጋር አነጋ።»