በንጉሥ አምላክ የቆመ መንደር

ተረት ልንገራችሁ፣ «እሺ፣ እማዬ» በሉኝ። እሺ ካላችሁማ፣ እግዜር ለእኔ ልሳን፣ ለእናንተ ጆሮ ይስጠን።

ድሮ፣ ድሮ፣ ጉም እንደ በግ መንጋ ከገደል ወጥቶ ሣር ላይ በሚተኛበት አገር፣ አንድ ሰፊ ሜዳ ነበረ። የማንም አይደለም፤ የሁሉም ነው። የተጣላ እዚያ ይታረቃል። ሰርግ እዚያ ይጨፈራል። ዝናብ ሲጠፋም ሕዝቡ እዚያ ቆሞ ምህላ ያደርሳል።

ከሜዳው አጠገብ ሹም አንዳርጌ የሚባል እንቅልፍ ወዳድ ይኖር ነበር። በሕልሙ ሁልጊዜ ነጭ በቅሎ ላይ ተቀምጦ በደመና ላይ ይሄዳል። አንድ ቀን ታዲያ ከሜዳው የመጣ የሰው ድምፅ ቀስቅሶ ከደመናው ላይ አወረደው። ተቆጣና አዋጅ አስነገረ፦ «ከእንግዲህ በሜዳው ላይ ከሁለት ሰው በላይ እንዳይቆም!»

በዚያው ዓመት ዝናብ ጠፋ። ዘሩ አፈር ውስጥ ተኝቶ ቀረ። ምህላ ካልደረሰ አዝመራ የለም።

መጀመሪያ ሽማግሌዎች ድንጋይ በትከሻቸው ተሸክመው ሹሙን ለመኑት። «ድንጋያችሁን ይዛችሁ ግቡ» አላቸው። ቀጥሎ ጎረምሶች ዱላ ይዘው ወጡ። አስገረፋቸው። በሦስተኛው ይመኙሻል የምትባል ባልቴት «ተራው የእኔ ነው» አለች።

«አንቺ ደግሞ በምን ልትመቺው ነው፣ በመቀነትሽ?» ብለው ሳቁባት።

በዚያ አገር ልማድ ነበረ። መንገደኛን «በንጉሥ አምላክ ቁም!» ካሉት፣ የጠራው ሰው እስኪፈታው ድረስ አይራመድም። ቢራመድ ንጉሡን ናቀ ይባላል።

ይመኙሻል ቤት ለቤት ዞረች። «ነገ አንድ አንድ እየሆናችሁ በሜዳው እለፉ» አለች። በቃ፣ ይኸው ነው።

ጎህ ሲቀድ ጉሙ ውስጥ ብቻዋን ቆመች። ጎረቤቷ መጣ። «በንጉሥ አምላክ ቁም!» ቆመ። የክርስትና ልጇ መጣች። «በንጉሥ አምላክ ቁሚ!» ቆመች። ሰው ከጉሙ እየወጣ እየቆመ፣ እየወጣ እየቆመ፣ ሜዳው ጫካ መሰለ። የሹሙ ወታደር ሊበትናቸው ሮጦ መጣ። «በንጉሥ አምላክ ቁም!» እሱም አንድ እግሩን እንዳነሣ ቀረ።

ሹሙ ዓይኑን እያሸ በበቅሎ መጣ።

«በንጉሥ አምላክ ይቁሙ፣ ጌታዬ!»

ልጓሙን ሳበ። ምን ያድርግ?

«አንቺ አሮጊት፣ አዋጄን አፈረስሽ!»

«ለመሆኑ ሜዳው የማን ነው፣ ጌታዬ?»

የእኔ ቢል አንገቱ ይሄዳል። «የ... የንጉሥ ነው።»

«ታዲያ በንጉሥ ሜዳ፣ በንጉሥ ስም የቆመን ማን ያስነሣዋል?»

ሹሙ ልጓሙን እንደያዘ ቀረ። ፀሐይ ወጥታ አናቱን መታችው። በቅሎው ላይ ሦስት ጊዜ አንቀላፋ፤ ሦስት ጊዜ ሊወድቅ ምንም አልቀረው።

«እባክሽ፣ እናቴ፣ ፍቺኝ!»

«አዋጁን ይፍቱ፣ እፈታዎታለሁ።»

«ፈትቻለሁ!»

«እኔም ፈታሁ። ይሂዱ፣ ሕልምዎንም እግዜር በደግ ይፍታልዎ።»

ሕዝቡ እዚያው እንደቆመ እጁን ዘርግቶ «እግዚኦ» አለ። በሦስተኛው ቀን ዘነበ። ያኔም ወደ ቤቱ የሮጠ የለም። ማንም ቁም ሳይለው፣ መንደሩ ሁሉ ሜዳው ላይ ቆሞ በሰበሰ።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚባለው ለዚህ ነው፣ ልጆቼ። ተረቴ አለቀ። እናንተን ከክፉ ሹም፣ እኔን ከመርሳት ይጠብቀን።