ሁለት ቀፎ ይዞ የወጣው ሰው

ልጄ ከመጽሐፏ አንድ አባባል አነበበችና «እማዬ፣ ይህን መጀመሪያ የተናገረው ማን ነው? ምን አይቶ ነው?» አለችኝ። በጎልማሶች ትምህርት አጠገቤ የሚቀመጡትን እማማ ውድነሽን ጠየቅኳቸው። የቀርከሃ አገር ሰው ናቸውና ታሪኩን ያውቁታል። እንደነገሩኝ እነሆ።

ቢያድግልኝ የሚባል ቀፎ ሠሪ ነበር። ቀርከሃ ሰንጥቆ ይጎነጉናል፣ በእበት ይለቀልቃል፣ ሲደርቅ በጭስ ያጥናል፣ ከዚያ ዛፍ ላይ ይሰቅላል። መስከረም ላይ ንቦች ከእናት ቀፏቸው ወጥተው አዲስ ቤት ይፈልጋሉና፣ ቀፎው ከዚያ በፊት መሰቀል አለበት።

በዚያ አገር አንድ ልማድ አለ። ሠሪው የቀፎውን አፍ ጀምሮ ካሳየ፣ ቀርከሃውን ያመጣው ባለቤት ወደ ሌላ ሠሪ አይወስደውም፤ ነውር ነው። ቢያድግልኝም ደንበኛ እንዳይሄድበት ለመጣው ሁሉ አፍ አፉን ይጀምራል። ክረምቱ ሲያልቅ ግቢው በቀፎ አፍ ተሞላ፤ ሆድና ጀርባ ያለው ግን አንድም አልነበረም።

ያን ዓመት ልጁ ደብሬ ልትዳር ነበር። የሴት ልጅ ወላጅ ንብ የገባበት ቀፎ ካልሰጠ ሰርጉ አይደገስም። ሚስቱ እንግዳወርቅ ጭንቅ ይዟታል።

«የደብሬን ጨርስና ሌላውን ቀጥል» አለችው።

«ጭቃ ሹሙም ቀፎ አዘውኛል፤ ይቀየሙኛል።»

«ልጅህስ ቀፎ ስታጣ?»

«ሁሉንም ጀምሬያለሁ እኮ።»

«መጀመሩንማ ዝናቡም ጀምሮ ነበር፤ እሱ እንኳ ጨረሰ።»

ቢያድግልኝ ሳቀ፤ ዛሬ የአንዱን ጎን፣ ነገ የሌላውን መጎንጎኑን ግን አልተወም። አደይ አበባ ሲፈነዳ እንደምንም የደረሱት ሁለት ቀፎዎች ብቻ ሆኑ፦ የደብሬና የጭቃ ሹሙ። እበታቸውም በደንብ አልደረቀም።

አንድ ረፋድ ላይ የንብ መንጋ እየተመመ መጣ። ከመንደሩ ዳር አንድ ዋንዛና አንድ ግራር ቅርንጫፋቸው ሊነካካ ምንም ሳይቀረው ጎን ለጎን ቆመዋል። ቢያድግልኝ አንዱን ቀፎ በቀኝ፣ አንዱን በግራ ትከሻው አንግቶ ዋንዛው ላይ ወጣ። ጭቃ ሹሙ ከሥር ሆነው «የኔን አስቀድም» ይላሉ። እንግዳወርቅ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ታያለች።

ጎረቤታቸው አያ ይርሳው በከዘራቸው ተደግፈው «አንተ ሰው፣ የትኛውን ነው የምትሰቅል?» አሉት።

«ሁለቱንም፣ አያ። አንድ እግሬን ወዲህ፣ አንዱን ወዲያ።»

«ዛፎቹን አማክረሃል?»

ቢያድግልኝ ግራ እግሩን ግራሩ ላይ አሳረፈ። የጭቃ ሹሙን ቀፎ ሊያስር ሲዘነበል የደብሬ ቀፎ ከትከሻው ተንሸራተተ። እሱን ልያዝ ሲል ሁለቱ ቅርንጫፎች ተራራቁበትና ከነቀፎዎቹ ሣሩ ላይ ወደቀ። ቀፎዎቹ ተጨፈላለቁ። ንቦቹ ጥቂት ዞር ዞር አሉና ወደ ወንዙ ማዶ ሄዱ። የሰውየው ዳሌ ተጎዳ፤ የደብሬም ሰርግ ለከርሞ ተላለፈ።

በሚቀጥለው ክረምት እንግዳወርቅ ግቢው በር ላይ ተቀመጠች። የቀፎዎቹን አፍ ሁሉ ፈታትታ ቀርከሃውን ለየባለቤቱ መለሰች። «አንዱ ተጎንጉኖ፣ ደርቆ፣ ታጥኖ ዛፍ ላይ ሳይወጣ ሌላ አይጀመርም። የሚጠብቅ ተራውን ይጠብቅ፤ የማይጠብቅ ቀርከሃውን ይውሰድ» አለች።

ቢያድግልኝ ደንበኛ አለቀብኝ ብሎ አዘነ። እውነትም ጭቃ ሹሙ ተቆጥተው ወደ ሌላ ሠሪ ሄዱ፤ ብዙዎችም ተከተሏቸው። አያ ይርሳውና ጥቂት ጎረቤቶች ግን ቆዩ። መጀመሪያ የደብሬ፣ ቀጥሎ የአያ ይርሳው፣ እያለ የቆዩት ሁሉ ቀፎ መስከረም ሳይጠባ ተሰቀለ። ቢያድግልኝ በዕድሜው ያን ያህል ቀፎ በአንድ ክረምት ጨርሶ አያውቅም ነበር።

በጥር ደብሬ ተዳረች፤ ንብ የገባበት ቀፎዋም በወንድ ተሸካሚ ከኋላዋ ሄደ። ጭቃ ሹሙ ሰርጉ ላይ ኩርፊያቸው አልለቀቃቸውም። አዲሱ ሠሪያቸው አፉን ጀምሮ ካሳያቸው ወዲህ ቀፏቸው ንቅንቅ አላለም።

«ባልሽ ሁለት እጅ አለው፤ ምን አለ ሁለት ሁለት ቢጀምር?» አሏት እንግዳወርቅን።

እሷ ሳትመልስ አያ ይርሳው ጠላቸውን አስቀመጡና፣ እያነከሰ እንግዳ የሚያስተናግደውን ቢያድግልኝን በአገጫቸው እያመለከቱ፣ «ጌታዬ፣ ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» አሏቸው።