ለእንግዳ የተቆለፈው አረንጓዴ ግድግዳ

አንድ ሰው ነበረ፤ ሚስቱን በጣም የሚወድ። ቆይ አድማሱ፣ ጥያቄህን አልረሳሁትም። ገና ስትገባ በቀልድህ ሆዴ እስኪታመም አሳቅኸኝ፤ ከዚያ ተከዝህና «አባባ፣ እኔና ሚስቴ ስንዱ ሰው ፊት እንሳሳቃለን፣ ሰው ሲሄድ ግን ቤቱ ጭር ይላል፤ ምን ሆነን ነው?» አልኸኝ። የምመልስልህ ያንኑ ነው፤ ስማ።

የሰውዬው ሚስት ያደገችው ሰፊ ጓሮ ያለው ቤት ነው። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ሲገቡ አፈር የሚባል ነገር ጠፋባት። ፊቷ ጠቆረ፤ «እናቴ ጋ ሄጄ ትንሽ ልቆይ» ማለት አበዛች። ባልየው ትንሽ ያለችው ብዙ እንዳይሆን ፈራ። ስለዚህ የሳሎኑን አንድ ግድግዳ በላስቲክ ሸፈነ፣ በላዩ ኪስ ኪስ ያለው ወፍራም ጨርቅ ወጠረ፣ በየኪሱ አፈር ሞልቶ ናናውንም፣ ጤና አዳሙንም፣ ሐረጉንም ተከለበት። ሴትዮዋ ስታየው ከደስታ ብዛት አለቀሰች። እናቷ ጋ መሄዱም ቀረ።

ግን የእኛን ሰው ሳሎን ታውቀው የለ? ሶፋው የእንግዳ ነው። ፀሐይ እንዳያደበዝዘው መጋረጃው አይገለጥም፤ ልጆች እንዳያቆሽሹት በሩ ይቆለፋል። ሰውዬውም ተክሉ እንዳይነካበት ቁልፉን ኪሱ ከተተ። እንግዳ ሲመጣ ይከፍታል፣ ውሃ ይረጫል፣ መብራት ያበራል፣ «አበጀህ» ይባላል። እንግዳውን ሸኝቶ መልሶ ይቆልፋል። ሚስትና ልጆች ማድ ቤት ውስጥ ተጣበው ይበላሉ።

ብዙም ሳይቆይ ናናው ገረጣ፣ የጤና አዳሙ ቅጠል ረገፈ። ሰውዬው አፈር ቀየረ፣ ማዳበሪያ ጨመረ፤ ወይ ፍንክች። አንድ እሑድ ሚስቱ ሻንጣዋን አውጥታ በር ላይ አቆመች።

«ግድግዳውም እንደኔው ነው» አለችው። «የምትከፍትለት እንግዳ ሲመጣ ብቻ ነው።»

ሰውዬው ቁልፉን ከኪሱ አወጣ። ሄዶ ሳሎኑን ከፈተ፤ መጋረጃውን ከነዘንጉ ነቅሎ ጣለው። የፀሐይ ብርሃን ገባ። የምሳውን ትሪ ራሱ ተሸክሞ ግድግዳው ሥር አስቀመጠና ልጆቹን ጠራ። ልጆቹ በደስታ ከነጫማቸው ሶፋው ላይ ወጡ፣ ወጥም ተደፋ፤ እሱ አልተቆጣም፣ እንዲያውም ሳቀ። ሚስቱ ቆማ ስታያቸው ሳቋ መጣ። እጇን ታጥባ አጠገቡ ተቀመጠች።

ከዚያ ወዲህ እዚያው ይበላሉ፣ እዚያው ይጫወታሉ። አንዱ ውሃ ያጠጣል፣ አንዱ የደረቀ ቅጠል ይለቅማል። ናናው እንደገና አቆጠቆጠ፤ ቤቱን መዓዛው ሞላው። ሶፋውማ አለቀለት። ሻንጣው ግን ቁም ሳጥን ላይ አቧራ ለብሷል።

እንግዲህ አድማሱ፣ ያ ግድግዳ ያንተ ሳቅ ነው። ፍቅሩ አልጠፋባችሁም፤ ተቆልፎ ነው የገረጣው። በል አሁን ተነሥ፣ እኔ ሳቄን ጠግቤአለሁ። ያን ስትገባ የነገርኸኝን ቀልድ ሄደህ ለስንዱ ንገራት።