የበላው ሥጋ ያልሆነለት ገበሬ

አንድ ሰው ነበረ፤ ቆላ ወርዶ ማሽላና ሰሊጥ የሚያርስ፣ ጎተራው የማይጎድል ገበሬ። መምህሩ አባ ዘሚካኤል ይህን ታሪክ የተናገሩት፣ አየልኝ የሚባል ጎልማሳ መጥቶ፣ በየዕለቱ ትምህርታቸውን እየሰማ ልቡ አለመለወጡ እንዳስጨነቀው ነግሯቸው፣ ሌላ መምህር ቢፈልግ ይሻል እንደሆነ በጠየቃቸው ጊዜ ነው።

ገበሬው ከአንድ ክረምት ወዲህ ሆዱ አልረጋ አለው። የበላው ሁሉ ሳይውል ሳያድር ይወጣል። ምላሱ ተላጠ፣ ፊቱ ገረጣ፣ በሬ ጠምዶ የሚውለው ክንዱ ሰለለ። ሚስቱ ገንፎውን በቅቤ፣ ወተቱን በማር አደረገችለት። እሱም በላ፤ በበላ ቁጥር ግን ከሳ።

መንደሩ ዝም አላለም። አንዱ ዓይን ነው አለ፤ ሌላው ሚስቱ እያስራበችው ነው ብሎ አማ። በመጨረሻ ወንድሞቹ ተሰብስበው መጡ፤ እሷን ወደ አባቷ ቤት ሰደው እህታቸውን በእሷ ፈንታ ምግብ እንድታበስልለት ሊያስገቡ። ሴትዮዋም እያለቀሰች ልብሷን መሸከፍ ጀመረች።

ገበሬው ይህን ሲያይ ከመደቡ ተነሣ። በትሩን ተመርኩዞ በሩ ላይ ቆመ።

«አጉርሳኛለች፤ እኔም ውጫለሁ» አላቸው። «ጥፋቱ ከእጇ አይደለም፤ ከእኔ ከውስጤ ነው። እሱን ሳላውቅ አልሞትም።»

በበቅሎ ተቀምጦ፣ ሚስቱ እየደገፈችው፣ ከተማ ወዳለው ሐኪም ቤት ወጣ። ሐኪሙ መርምሮ በሞቃት አገር ሰው ላይ የሚደርስ የአንጀት ሕመም እንደያዘው ነገረው፤ ምግቡ በአንጀቱ ያልፋል እንጂ ወደ ደሙ አይገባም። ወራት የሚፈጅ መድኃኒትም ሰጠው።

መጀመሪያ ለውጥ አልታየም። ወንድሞቹ «መድኃኒቱን ጣለው፣ ይቅርብህ» አሉት። እሱ ግን አፉን እየመረረው ዋጠ። ውሎ አድሮ ሆዱ ረጋ። ያው የሚስቱ ገንፎ ሥጋና ጉልበት ሆነለት። ሰሊጡ ሲደርስ ከእሷ ጋር አጨደ፤ ወንድሞቹም እዚያው እርሻው ላይ መጥተው ይቅርታዋን ለመኑ።

አባ ዘሚካኤል ወደ አየልኝ ዞሩ።

«አንተም ማዕድህን አትማ፣ ልጄ። መምህር ብትለውጥ ሌላ አብሳይ ማምጣትህ ነው። ከወንድምህ ጋር በእርሻ ድንበር ከተጣላችሁ ስንት ክረምት ሆነ? ልብህን ያሳመመው ያ ቂም ነው፤ ቃሉ ያልፍሃል እንጂ አይዋሐድህም። ሂድና ታረቀው። ዛሬ ፊቱን ቢያዞርብህ ነገም ሂድ፤ ልብህ እስኪሽር ድረስ አትተው።»